ተልባም ውሃ ነው

ጂንካ ውስጥ አንጀት ከመመርመሩ በፊት ሆድ እንዴት እንደሚጸዳ የሚያስረዳ ወረቀት በአማርኛ የጻፍኩት እኔ ነኝ። በዚያ ወረቀት የመጀመሪያውን ምርመራ ያበላሸሁትም እኔው ነኝ፤ ያውም በገዛ አባቴ ላይ። ዛሬ ሳወራው ሰው ይስቃል፣ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ያን ቅዳሜ ግን ጥርሴን ያየ ሰው አልነበረም።

ዘመኑ የደርግ ነው። አይሮፕላን የሚያርፈው በከተማው መሃል ባለው የሣር ሜዳ ላይ ነበር፤ ድምፁ ሲሰማ ዘበኛው ላሞቹን ያባርራል፣ አይሮፕላኑ ሲሄድ ላሞቹ ተመልሰው ይግጣሉ። የአባቴ ሱቅ ከሜዳው ዳር ነበር። ጨው፣ ሳሙና፣ ፋኖስና አቡጀዲ ይሸጡ ነበር። አያቶቼ ከሰሜን መጥተው ከጂንካ በላይ ባለችው በባኮ የሰፈሩ ሰዎች ናቸው፤ አባቴ እዚያ ተወልደው፣ ከተማው ወደ ታች ሲወርድ አብረው ወረዱ። ረጅም ቀጥ ያሉ ሰው ነበሩ። ጾም አያጎድሉም፣ ሲቆጡ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፣ እናቴም እኔም «እርስዎ» ነበር የምንላቸው።

እኔ ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነው። የጤና ረዳትነት ትምህርቴን ጨርሼ ከተመለስኩና እዚያው ከተማ ጤና ጣቢያ ከገባሁ ሁለተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ብዙ የማውቅ ይመስለኝ ነበር። ነጭ ጋውን ለብሼ በገበያ መሃል ሳልፍ መንገድ እንዲለቀቅልኝ የምጠብቅ ዓይነት ሰው ነበርኩ።

የአባባን ነገር መጀመሪያ ያወቀችው እናቴ ናት። ልብሳቸውን ስታጥብ ደም አየች። እሳቸው አልተናገሩም፣ እሷም አልጠየቀች፤ ሁለት ወር ሙሉ እሷ እያጠበች፣ እሳቸው እየከሱ ዝም ተባባሉ። ለምን እንደዚያ እንደፈሩ ሁላችንም እናውቃለን። ታላቅ ወንድማቸው ባኮ ላይ የሞቱት እንደዚሁ ደም እያዩ፣ እየመነመኑ ነው። ነቀርሳ ነው ተብሎ ነበር። በቤታችን ያ ቃል ከቀብሩ በኋላ አልተነሣም፤ ለመጥራት የግድ ከሆነም «ያ ክፉ በሽታ» ነበር የሚባለው።

አንድ ጠዋት እናቴ ሱቁ ጓዳ ሆና አባባ ከጣቃው ላይ አቡጀዲ ሲለኩ አየቻቸው። ለደንበኛ ሲለኩ ክንዳቸውን ነው የሚዘረጉት። ያን ቀን ግን ጨርቁን ከራሳቸው አናት እስከ እግራቸው አስጠግተው ለኩት፤ ደግመው ለኩት፤ ቆረጡና አጥፈው ሣጥናቸው ውስጥ፣ ከበዓል ኩታቸው ሥር አስቀመጡት። እናቴ ይህን ልትነግረኝ ጤና ጣቢያ ድረስ መጥታ፣ «አቡጀዲ ቆረጡ» አለችኝ። በእጇ ብቻ ከራሷ እስከ እግሯ አሳየችኝ። መግነዣ መሆኑ ገባኝ። አባቴ መታከሙን ትተው ለመቀበር እየተሰናዱ ነበር። በጣም ተናደድኩባቸው፤ ንዴቱ ባይቀድም ኖሮ እዚያው አለቅስ ነበር።

እግዜር ሲረዳ በዚያው ሰሞን አንድ ሐኪም ሊመጣ መሆኑ ተነገረን። ሐሙስ በአይሮፕላን ገብቶ እሑድ በአይሮፕላን የሚመለስ፣ እኛ ጋ የሌለ መሣሪያ የያዘ። ማታ ቤት ሄጄ ለአባባ ነገርኳቸው። ጆሯቸውን ወደ ሬዲዮኑ አዞሩ።

«በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም የሚሉት እርስዎ አይደሉም?» አልኳቸው። ለሰው ሁሉ የሚናገሩት ተረት ነበር።

«ያው ከሆነ ማወቁ ምን ይጠቅመኛል?» አሉ።

«ካልሆነስ?»

ይህን አላሰቡትም ነበር። ሬዲዮኑን ዘጉትና፣ «ካልሆነ ጥሩ ነው» አሉ፤ እንደ ሞኝ ነገር ለራሳቸው ፈገግ አሉ። ፈገግታቸውን ካየሁ ቆይቼ ነበር።

ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ችኩል ነው፤ ሦስት ቃል በአማርኛ ከተናገረ አራተኛው እንግሊዝኛ ነው። እኔን «ሲስተር» ይለኛል። ሲስተር አልነበርኩም፤ አላረምኩትም። መሣሪያውን ከሣጥን አውጥቶ አሳየን። ከክንድ የሚያጥር፣ ቀጥ ያለ የሚያብረቀርቅ ቧንቧ ነው፤ ጫፉ ላይ ትንሽ መብራት አለው። በታች በኩል ገብቶ የትልቁን አንጀት መጨረሻ በዓይን ያሳያል። እንደ ገመድ የሚታጠፍ፣ አንጀቱን ሙሉ የሚዞር መሣሪያም አለ፣ እሱ ግን አዲስ አበባም ብርቅ ነው አለን።

«ዋናው ፕሪፓሬሽኑ ነው» አለ፤ ዝግጅቱ ማለቱ ነው። «አንጀቱ ካልጠራ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ባይ አንድ ነው። ከእናንተ የምፈልገው ንጹሕ አንጀት ብቻ ነው።»

ከዚያ የሚደረገውን ነገረኝና ለሕመምተኞቹ በአማርኛ ጻፊው አለኝ። የእጅ ጽሕፈቴ ያምር ነበር። እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፤ ከምርመራው በፊት ባለው ቀን ጠጣር ምግብ አይበላም፤ ውሃ፣ ቀጭን ሻይ፣ የተጣራ የሥጋ መረቅ ወይም ይህን የመሰለ ፈሳሽ በብዛት ይጠጣል፤ በስድስት ሰዓት የጉሎ ዘይት ይወሰዳል፤ በምርመራው ጠዋት የሚወጣው ውሃ እስኪጠራ ድረስ ኢኒማ ይደረጋል። ኢኒማ ማለት ለብ ያለ የሳሙና ውሃ በጎማ ቱቦ ከታች አስገብቶ አንጀትን ማጠብ መሆኑንም ከሥሩ ጨመርኩ። አነበብኩት፤ ኮራሁበት። የአባባ ተራ ቅዳሜ ነበር፤ ስለዚህ የሚዘጋጁት ዓርብ ነው።

ዓርብ ደግሞ ጾም ነው። ምግብ መተው ለአባቴ ቀላል ነበር። «ሃምሳ ዓመት የጾመ ሰው በአንድ ቀን ረኃብ አታስፈራሩት» አሉ። የከበዳቸው መጠጣቱ ነው። እሳቸው ዓርብ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃም አይቀምሱም፤ የእኔ ወረቀት ከማለዳ ጀምሮ ጠጡ ይላል። ተከራከርን። በመጨረሻ እናቴ የነፍስ አባታቸውን ጠርታ አመጣች። ቄሱ ወረቀቱን ተቀብለው ከላይ እስከ ታች አነበቡትና፣ «ይህ ቅጣት ነው እንጂ ምግብ አይደለም፤ ጠጣ» አሏቸው።

የጉሎ ዘይቱን በሎሚ አድርጌ ስድስት ሰዓት ላይ ሰጠኋቸው። እኔ ልጠጣው ቢሆን አፍንጫዬን ይዤ ነው። እሳቸው በአንድ ትንፋሽ ጨልጠው ብርጭቆውን መለሱልኝ። «ኮሶ ለጠጣ ሰው ይሄ ማር ነው» አሉ። እውነታቸውን ነው። በእኛ ቤት በየሁለት ወሩ የኮሶ ቀን አለ፤ ጥሬ ሥጋ የሚወድ ሰው የሚከፍለው ዕዳ ነው። ያን ቀን ሱቅ አይከፈትም፣ እንግዳ አይገባም፣ እናቴም ምን መሥራት እንዳለባት ታውቃለች። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ የአባቴን ሆድ ጉሎ አወጣው። ከቤት እስከ ጓሮው መጸዳጃ ያለው መንገድ ዝናብ ያጨቀየው ስለነበር እናቴ አመድ ነሰነሰችበት፤ እስከ አሥር ሰዓት አመዱ ተረግጦ አለቀ። ይህን የሰማሁት በኋላ ነው፤ እኔ ዘይቱን ሰጥቼ ወደ ሐኪሙ ተመልሼ ነበር፤ የገባሁት ሲመሽ ነው።

«ምን ቀመሱ?» ብዬ እናቴን ጠየቅኳት።

«ከፈሳሽ በቀር በአፋቸው የዞረ የለም» አለችኝ።

አመንኳት። እውነቷንም ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ኢኒማውን ያደረገላቸው ቁስል የሚያጥበውና መርፌ የሚወጋው ድሬሰራችን ነው። የአገሩ ተወላጅ አሪ ነው፤ ጴንጤ ነው፤ ከእኔ በዕድሜም በሥራም ይበልጣል። አማርኛው ውስጥ «እርስዎ» የሚባል ነገር የለም፤ ከሹሙ ጀምሮ እስከ ሕፃኑ ሁሉም «አንተ» ነው። አባባ ይህን አይወዱለትም ነበር፤ ያን ቀን ግን እንደ በግ ተከተሉት። ከጤና ጣቢያው መጸዳጃ ቤት ብቻቸውን ወጡና፣ «ጠርቷል፤ እንደ በጋ ነሪ ነው» አሉ። ነሪ በከተማችን ጫፍ የሚፈስ ወንዝ ነው፤ በበጋ ድንጋዩ ሁሉ ይታያል።

የምርመራው ክፍል መስኮት ወደ ገበያው መንገድ ነው የሚያየው። ቅዳሜ ገበያ ነው። ሙዝ የተሸከሙ የአሪ ሴቶች፣ መቀመጫም ትራስም የሚሆነውን በርኮታቸውን በእጃቸው ያንጠለጠሉ የበና ሽማግሌዎች በዚያ ያልፋሉ፤ መስኮቱ መጋረጃ የለውም። አባባ ይህን ሲያዩ በሩ ላይ ቆሙ። ሐኪሙ ሰዓቱን አየ። እኔ የአባባን ጋቢ ከትከሻቸው ወስጄ በሁለት ሚስማር መስኮቱ ላይ ሰቀልኩት፤ ከላይ ግን አንድ ክንድ ያህል ክፍት ቀረ። ከዚያ በጉልበታቸውና በክርናቸው እንዲደፉ ተነገራቸው። አባቴ እንዲህ ያጎነበሱት ለስግደት ብቻ ነበር። እኔን ሳያዩ፣ «አንቺ ውጪ» አሉኝ።

ወጣሁ። በሩ ሥር ቆሜ ስጸልይ ሦስቴ አባታችን ሆይ እንኳን አልጨረስኩም፤ ሐኪሙ ፊቱ ተቀይሮ ወጣ።

«ሲስተር፣ ምንድን ነው የበሉት?»

«ምንም።»

«ታዲያ ይሄ አሸዋ ከየት መጣ?»

ቧንቧውን አሳየኝ። ጫፉ በሚያዳልጥ ግራጫ ነገር ተለውሷል፣ ግራጫው ውስጥ ቡናማ ቡናማ ቅንጣት አለ። ማንም እንዲነግረኝ አላስፈለገኝም። ከልጅነቴ ጀምሮ ማሰሮ ያጠብኩ ሴት ነኝ፤ ከእጅ አልለቅ የሚለውን ያን ልጋግ አውቀዋለሁ። ተልባ ነው።

«ምንም አይታይም» አለ ሐኪሙ። «ነገ ሁለት ሰዓት ላይ አንድ ጊዜ ልሞክር። አይሮፕላኑ አራት ሰዓት ላይ ነው። ነገም ካልጠራ አዲስ አበባ ይሂዱ።»

አዲስ አበባ ይሂዱ ማለት ለእሱ ቀላል ነበር። ዝናቡ መንገዱን ቆርጦታል፤ መኪና በጭቃው ስንት ቀን እንደሚያድር የሚያውቅ የለም፤ ሐኪሙ የሚሄድበት አይሮፕላን ደግሞ ወንበሩ ሁሉ ከተያዘ ቆይቷል። አባባ ቀበቷቸውን እያሰሩ ይህን ሰሙ። «መንገድ ላይ ከምሞት ሣጥኔ አጠገብ ብሞት ይሻለኛል» አሉ። ሣጥኑ ውስጥ ያለውን እንደማውቅ አያውቁም ነበር።

ወደ ድሬሰሩ ሮጥኩ። ለክትባት ወደ ኦሞራቴ በሚሄደው መኪና ላይ ዕቃ እየጫነ ነበር። «ጠርቷል ያልከው እንዴት አይተህ ነው?» አልኩት።

«እኔ ምን አየሁ?» አለኝ፤ ረጋ ብሎ። «እሱ በር ዘጋ። እሱ ወጥቶ ጠርቷል አለ። ትልቅ ሰው ነው፤ ባልዲህን አሳየኝ እለዋለሁ?» ከዚያ ጫነና ሄደ። እሱ ከሄደ ነገ ኢኒማ የሚያደርግ ማን እንደሚቀር ያሰብኩት መኪናው ከታጠፈ በኋላ ነው።

ቤት ስገባ ጋውኔን እንኳ አላወለቅኩም። «ተልባ ሰጠሻቸው?» ብዬ እናቴ ላይ ጮህኩ።

«ሰጠኋቸው» አለች። «ዓርብ አይደለም እንዴ? ሥጋ ላፍላላቸው ኖሯል? አባትሽ ወረቀቱን አነበቡልኝ፤ የሥጋ መረቅ ወይም ይህን የመሰለ ፈሳሽ ይላል። መረቁ አይሆን፤ የጾም ፈሳሽ ፈለግሁ። ኮሶ በጠጡ ቀን ሁሉ ምንድን ነው የምሰጣቸው? ሆዳቸው ሲታጠብ የሚያለሰልሰው ተልባ አይደለም? በማሰሮ ሙሉ በጥብጬ ቀኑን ሙሉ አጠጣኋቸው። ተልባም ውሃ ነው።»

ወደ ግድግዳው ዞርኩ። ወረቀቱ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ነበር። ቆሜ አነበብኩት። ሐኪሙ የተጣራ መረቅ ብሎ ነበር ያቆመው። «ወይም ይህን የመሰለ ፈሳሽ» የሚለውን ዓረፍተ ነገሩ እንዲያምር የጨመርኩት እኔ ነኝ። እዚያ ቤት ውስጥ ተወልጄ፣ በየኮሶው ቀን ያንን ማሰሮ አጥቤ፣ ለእናቴ ፈሳሽ ሲባል መጀመሪያ የሚመጣላት ምን እንደሆነ አንዴ እንኳ ቆም ብዬ አላሰብኩም። ጋውን ማለት ማወቅ መስሎኝ ነበር።

እናቴ ማልቀስ ጀመረች። «በእጄ ገደልኳቸው» አለች። እኔ እኔ ነኝ አልኩ፤ እሷ እኔ ነኝ አለች፤ ድምፃችን እየጨመረ ሄደ።

አባባ ከመደቡ ላይ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ተልባ ቢንጫጫ በአንድ ሙቀጫ» አሉ።  «አሁን የሞተ የለም። ነገ ምን ይደረጋል ነው ነገሩ። ያ አሪ ይመጣል?»

«ኦሞራቴ ሄዷል።»

«ሌላ የሚያውቅ ሰው የለም?»

«ዘበኛው አለ» አልኩ። ቀልድ ማምጣቴ ያለ ቦታው ነበር፤ ግን አፍንጫቸውን ነፋ አደረጉ፤ ሊስቁ ፈልገው ነው። የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ።  የአባቴን እግር አጥቤያለሁ፤ ከጉልበታቸው በላይ ግን አይቼ አላውቅም። በእኛ ዘንድ ሴት ልጅ አባቷን እንዲህ ማየት የለባትም፣ ይህን ነገር በስሙ ጠርታ ብታወራቸውም ነውር ነው። የጠራ መሆኑን ለማወቅ ደግሞ ባልዲውን ማየት አለብኝ። ዛሬ ጠዋት ሁሉ የተበላሸው ማንም ስላላየ ነው።

«አባባ» አልኳቸው፣ «ነገ አራት ሰዓት ላይ አይሮፕላኑ ይሄዳል።»

«እንዲያ ከሆነ» አሉ፣ «ነጩን ልብስሽን ልበሺና በውጭ በር አንኳኩተሽ ግቢ። ከጓዳ እንዳትመጪብኝ። ከጓዳ የምትመጣው ልጄ ናት።»

ያን ምሽት የጉሎ ዘይቱን በድጋሚ ወሰዱ፤ ከዚያ በኋላ ውሃና ቀጭን ሻይ ብቻ። እናቴ የተረፈውን ተልባ ለዶሮዎቹ ደፋችና ማሰሮውን አልጋ ሥር ደበቀችው፤ ማንም ወንጀሉን እንዳያገኝባት ይመስል።

ሲነጋጋ በጓሮ በር ወጣሁ፤ ቤቱን ዞሬ፣ ጋውኔን ቆልፌ፣ ከፊት ያለውን በር አንኳኳሁ። እናቴ ከፈተችልኝና፣ «ሐኪሟ መጥተዋል» ብላ ወደ ውስጥ ተናገረች። ጨዋታ አልነበረም፤ ከልቧ ነው ያለችው።

«ይግቡ» አሉ አባቴ።

ውሃውን ከቀቀልኩ በኋላ በክርኔ ሙቀቱን ለክቼ፣ ሳሙናውን ፍቄ ቀላቅዬ፣ ጣሳውን ፋኖስ በሚሰቀልበት ሚስማር ላይ ሰቀልኩት። እሳቸው በግራ ጎናቸው ተኝተው ፊታቸውን በጋቢ ሸፍነዋል። ቱቦውን ስይዘው እጄ ሥራውን ያውቀዋል። ቀስ ብዬ ለቀቅኩት። «ትንሽ ይያዙት» አልኳቸው። ያዙት። ከዚያ እናቴ አንሶላ ይዛ እንደ ግድግዳ ቆመች፤ እሳቸው ባልዲው ላይ ተቀመጡ፣ እኔ ወደ በሩ ዞርኩ።

የመጀመሪያውን አየሁ። ያ ግራጫ ከነቅንጣቱ ነው።

«እንዴት ነው?» አሉኝ ከጋቢው ሥር።

«ገና ነው።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አሉኝ፣ «በጠዋቱ አደከምኩዎት።»

አባቴ «እርስዎ» አሉኝ። እኔ እዚያው ጣሳዬን እየሞላሁ አለቀስኩ፤ ሐኪም ሲያለቅስ እንዳይሰሙ ትንፋሼን ይዤ።

በሁለተኛው ቅንጣቱ ቀነሰ። በሦስተኛው ባልዲውን አንሥቼ ወደ በሩ ብርሃን አወጣሁት። የእኛ ባልዲ ነጭ ሆኖ ታቹ ላይ ሰማያዊ አበባ የተሳለበት ነበር። አበባው ቅጠል በቅጠል ታየኝ። ውሃው ውስጥ አንድ ቀጭን የደም ክር ብቻ ይዋኝ ነበር፤ ለእሱ የሚሆን ሰው ግን ሁለት ሰዓት ላይ ይጠብቀናል።

«ጠርቷል» አልኳቸው። በዚህ ሁለት ቀን ውስጥ ያ ቃል እውነት ሲሆን የመጀመሪያው ነበር።

ጤና ጣቢያው ስንደርስ እሑድ ስለሆነ መንገዱ ጭር ብሏል። እንደገና ጋቢውን ሰቀልኩላቸው። ልወጣ ስል አባባ፣ «ሐኪሟ ይቆዩ» አሉ። ቆየሁ። መብራቱን የሚያበራውን ባትሪ የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ሐኪሙ አጎንብሶ አየ። ቧንቧውን ወደ ውስጥ አስገባ፣ ቆመ፣ አየ፣ እንደገና አስገባ።  አባቴ በክርናቸው ተደፍተው ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ይታየኛል፤ ዳዊት እየደገሙ ነው። መግነዣው በሣጥኑ ውስጥ ታጥፎ ትዝ አለኝ። 

«ነይ እዪ» አለኝ ሐኪሙ።

አጎነበስኩ። ቧንቧው ጫፍ ላይ ያየሁት ቀለሙ ሮዝ፣ እርጥብ፣ ንጹሕ ነበር፤ የሕፃን ጉንጭ ከውስጥ በኩል እንደሚታየው። ከተልባው አንዲት ቅንጣት የለችም። ሐኪሙ ቧንቧውን ቀስ እያለ ወደ ውጭ ሳበውና መውጫው አጠገብ ሲደርስ ቆመ። እዚያ ያበጡ ደም ሥሮች አሉ፤ አንዱ ጫፉ ላይ እየደማ ነው።

«ኪንታሮት ነው» አለ። የወንድማቸውን ታሪክ አስቀድሜ ነግሬው ነበርና ለአባባ በትክክለኛ አማርኛ፣ በእርጋታ ነገራቸው፤ «አባት፣ የሚደማው ኪንታሮት ነው። ቧንቧዬ እስከደረሰበት ድረስ ነቀርሳ የለም። ወንድምዎ የያዛቸው እርስዎን አልያዘዎትም።»

አባባ ቀና ብለው ተቀመጡ። ልብሳቸውን እንኳ አልሰበሰቡም። «ኪንታሮት?» አሉ። «ይህ ሁሉ ለኪንታሮት?» ከዚያ ሳቁ። አባቴ ያን ያህል ድምፅ አውጥተው ሲስቁ ሰምቼ አላውቅም፤ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ፤ ሐኪሙም ሳቀ፤ እኔ ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ።  ደስታ እንዲህ እንደሚያደክም ያን ቀን ነው ያወቅኩት።

ሐኪሙ ቦርሳውን እየዘጋ መመሪያ ሰጣቸው። ለብ ባለ ውሃ መዘፍዘፍ፣ ጎመን መብላት፣ ሆድ እንዳይደርቅ መጠንቀቅ። «ሆድ እንዳይደርቅ ደግሞ» አለ ወደ እኔ ሳያይ፣ «በየቀኑ ተልባ ይጠጡ።»

ይህን ለእናቴ ስነግራት ሳቅም እንባም አላሳየችኝም። አልጋ ሥር ገብታ ማሰሮዋን አወጣችው። ያን ዓመት ሙሉ ቤታችን ውስጥ ማንም ምንም ሲከራከራት፣ «ሐኪሙ ራሱ ተልባ አላለም?» ነበር መልሷ።

ሰኞ ጠዋት አባባ ጤና ጣቢያ መጡ። ያለወትሯቸው ነው፤ ሱቁን ዘግተው። በብብታቸው ሥር የታጠፈ አቡጀዲ ይዘዋል። በዓይኔ አይቼው አላውቅም፤ ግን የቱ ጨርቅ እንደሆነ ወዲያው ገባኝ።

«ለዚያ መስኮት ነው» አሉኝ። «ሰው እንዲህ ሆኖ በገበያ ፊት መጋለጥ የለበትም።»

«ይበቃል?» አልኩ።

«ይበቃል» አሉ። «በእኔ ቁመት ነው የተለካ።» ከዚያ፣ ማወቄ ገብቷቸው፣ ጨርቁን እጄ ላይ አኑረው ሄዱ። ስለዚያ ጨርቅ ሌላ ቃል ተለዋውጠን አናውቅም።

አባባ የለኩት የቁመታቸውን እጥፍ ስለነበር መስኮቱን አልፎ ለአልጋውም መከለያ ተረፈ። በየሳምንቱ አጥበው ነበር። ከእሱ ጀርባ ከአርቦሬ በእግራቸው የመጡ፣ ከኦሞራቴ በመኪና የተጫኑ ስንቶች ልብሳቸውን እንዳወለቁ ቆጥሬ አላውቅም። ወረቀቱንም እንደገና ጻፍኩት፤ በዚህኛው ጽሕፈቴ አያምርም፤ በችኮላ ነው። «ውሃ፣ ቀጭን ሻይ፣ የተጣራ መረቅ። ሌላ የለም። ተልባ አይሆንም። ቦርዴ አይሆንም። አጥሚት አይሆንም። ወተት አይሆንም።» አንድ የበና ሽማግሌ ሾፎሮስ ብለው ጠየቁኝ፤ የቡና ገለባ ተፈልቶ የሚጠጣውን ማለታቸው ነው። ስለ እሱ አላሰብኩም ነበርና አመስግኜ፣ በጨርቅ ከተጠለለ ይቻላል ብዬ ጨመርኩት። ከዚያ ወዲህ ወረቀት ከመስጠቴ በፊት እጠይቃለሁ፤ እቤታችሁ የሚጠጣው ምንድን ነው እላለሁ።

አባቴ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖሩ። ደርግ ሄደ፣ ሱቁ በቆርቆሮ ተሠራ፣ የልጄን ክርስትና አዩ፣ በየጠዋቱ ተልባቸውን እየጠጡ አረጁ። የሞቱት በሌላ ነገር ነው፤ በአልጋቸው ላይ፣ በሰላም። መግነዣ ሲፈለግ እናቴ ሣጥናቸውን ከፈተች፤ ከኩታቸው ሥር ምንም አልነበረም። ሌላ አላዘጋጁም። እኔ ወደ ጎረቤት ሱቅ ሄድኩ፤ ባለሱቁ ጣቃውን ዘርግቶ፣ «ስንት ክንድ ልቁረጥ?» ሲለኝ የጤና ጣቢያውን መጋረጃ ልክ ነገርኩት።